ደረጃውን አፍርሼዋለሁ

ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት
ክረምቱ ሊወጣ ሲል

ይድረስ ለልጄ አባት፤

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እናትህ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም ቆሜ እሄዳለሁ። የልጃችንን ነገር ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ብቻ አደራህን፣ ደብዳቤውን ከመሀል እንዳትጀምረው፤ ልማድህን ስለማውቅ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ቦታዬ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት ነው። ማሽኖቹ ለምሳ ቆመዋል። ሌሎቹ ሴቶች ውጪ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሳሳቃሉ፤ እኔ አንሶላ የምናጥፍበት ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነኝ። ወረቀቱ ከእንፋሎቱ የተነሳ እርጥብ ብሏል፤ ቀለሙ ቢደበዝዝብህ ያለቀስኩ እንዳይመስልህ፤ እዚህ ቤት ደረቅ ነገር የለም። ቤት ሆኜ እንዳልጽፍ ልጅህ ወንበሩን እያንከባለለ አጠገቤ ይመጣና «ለአባዬ ምን እያልሽው ነው?» ይለኛል። እሱ ፊት ውሸት መጻፍ አልችልም። እውነቱን ደግሞ ጭራሽ አልችልም።

ግቢውን ላስተካክል ማሰቤን ከማን እንደሰማህ አላውቅም፤ በጓደኛህ በሹፌሩ የላክኸው መልእክት ግን ደርሶኛል። ሰውየው በር ላይ ቆሞ እንደ ተማሪ በቃሉ አነበነበልኝ። «ግቢው እንዳይነካ፣ ሲሚንቶ እንዳይፈስ፤ ለኦፕሬሽኑ የሚሆነውን ይዤ እስክመጣ ታገሡ፤ ልጄ ያንን ደረጃ በእግሩ ነው የሚወርደው ብሏል» አለኝ። ግባ እስክለው እንኳ አልቆየም። በትከሻዬ በኩል ወደ ግቢው አየት አደረገና «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ያየው ምን መሰለህ? ደረጃው የለም። አፍርሼዋለሁ። ሲሚንቶውም ፈሷል፣ ደርቋል። ከሹፌሩ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

ትተኸው ስትሄድ ግቢው እንዴት እንደነበር ታስታውሳለህ። አባትህ በእጃቸው ጠርበው የደረደሩት የድንጋይ ደረጃ፣ ከሱ በታች ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ ወዲያ የዝናብ ውሃ መውረጃው ቦይ፣ ከቦዩ ማዶ ሽንት ቤቱ። ለእኔና ላንተ ሁለት እርምጃ ነው። ያ የተረገመ ትኩሳት እግሩን ካሰረው በኋላ ግን ለልጃችን ሌላ አገር ሆነ። ሆስፒታሉ ዊልቸሩን የሰጠን ቀን ደስ ሊለን ነበር እኮ። የፊት ጎማዎቹ የሕፃን ጡጫ ያክላሉ፤ ጠጠሩን እንደነኩ ተቀበሩ። አንተ ዞር ብለህ የብየዳ መነጽርህን መወልወል ጀመርክ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ስትነካው አይቼህ አላውቅም። ትንሽ ቆይተህ «ለኦፕሬሽኑ ሥራ ልፈልግ» ብለህ ወጣህ። አልተቀየምኩህም። ውሸቴን ነው፣ ተቀይሜሃለሁ። ግን ይህ ደብዳቤ ለሱ አይደለም።

አንተ ከሄድክ ወዲህ በጀርባዬ ነበር የማወርደው የማወጣው። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት፣ ማታ እንደገባሁ። መሀሉን እናትህ ነበሩ። የሳቸውን ጉልበት ታውቀዋለህ፤ እየተንገዳገዱ ወርደው ከጎረቤት ጎረምሳ ይጠራሉ፣ ጎረምሳው ከሌለ መንገደኛ ያስቆማሉ። ልጅህ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ነፍስ አውቋል። አንተ «አለቃ» ብለህ ያወጣህለት ስም ሰፈሩን ሁሉ ይዞት፣ ትልቁም ትንሹም አለቃ ነው የሚለው። አለቃ የተባለ ልጅ የማያውቀው ሰው ተሸክሞት ሽንት ቤት ሲወስደው ምን እንደሚሰማው እኔ አልነግርህም።

አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ የገባው ከቆየ በኋላ ነው። ጠዋት አጠገቡ የማስቀምጥለት ብርጭቆ ማታ ስመጣ እንደሞላ ይጠብቀኛል።

«አለቃ፣ ውሃ አልጠጣህም?»

«ጠጣሁ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። እኔ ከሙቀቱ ነው አልኩ። እናትህ ከሐሳብ ነው አሉ። ክረምቱ ገባ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዝናቡ የሰማይ ቧንቧ የተበጠሰ ይመስል ይወርዳል። እናትህ ለጉልበታቸው መድኃኒት ሊያመጡ ወጥተው ዝናብ አግቷቸዋል። የውጪውን በር ስከፍት የቤቱ በር ወለል ብሏል፤ ዊልቸሩ ደረጃው አናት ላይ ባዶውን ቆሟል። ልጄን ቦዩ ውስጥ አገኘሁት። በቂጡ እየተንፏቀቀ ደረጃውን ወርዶ፣ ጠጠሩን በክርኑ ተስቦ አልፎ፣ ቦዩን ሲሻገር እጁ ከድቶት ወድቋል። ጎርፉ በእግሮቹ ላይ ይሄዳል። ክርኖቹ ተልጠዋል። አላለቀሰም። ገና ሲያየኝ «እማዬ፣ ልደርስ ትንሽ ነበር የቀረኝ» አለኝ።

አነሳሁት፣ አጠብኩት። በማግስቱ እንደ እሳት ነደደ። ሆስፒታል አስተኙት።

እዚያ አንዲት ነርስ አለች፤ ቁጡ ናት፤ አስታማሚ ሁሉ ይፈራታል። እሷ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝና «ልጅሽ ውሃ እንደማይጠጣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አልጠማኝም ይላል።»

«ላንቺ ነው እንደዚያ የሚለው። እኔን ምን አለኝ መሰለሽ? ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል፣ ሽንቴ ከመጣ አያቴ ሰው ሊጠሩ ይወርዳሉ፣ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ስለዚህ እማዬ እስክትመጣ አልጠጣም።» ያቺ ቁጡ ሴት ይህን ነገረችኝና ጀርባዋን ሰጥታኝ መድኃኒት መደርደር ጀመረች።

አየህ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እኔ እዚህ በእንፋሎት ውስጥ አንሶላ ስተኩስ፣ አንተ እዚያ ብረት ስትበይድ፣ ልጃችን በጥም እኛን ሲያሳርፈን ነው የከረመው። በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ደረጃው እዚያ ኮሪደር ውስጥ ነው የፈረሰው፤ መዶሻው በኋላ የመጣ ነው።

ከሆስፒታል ስንመለስ እናትህ ደረጃው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማማ፣ ይሄን ደረጃ ላፈርሰው ነው» አልኳቸው።

«የቱን?»

«የተቀመጡበትን።»

«ባሌ በእጁ ጠርቦ ያነጠፈውን? ልጄ በሌለበት?»

«ልጅዎ በሌለበት።»

ብድግ አሉ። «አንቺ በልጁ ተስፋ ቆርጠሻል! ሲሚንቶ ስታፈሺ እኮ ከዚያ ወንበር ጋር አብረሽ ልትገነቢው ነው። የልጄ ልጅ ይራመዳል! ጫማውን በየሳምንቱ የምወለውለው ለምን መሰለሽ?»

እውነታቸውን ነው፤ ይወለውሉታል። ሶሉ አፈር ነክቶ የማያውቅ ጥቁር ጫማ አልጋው ራስጌ ቁጭ ብሎ ያበራል። እኔም ደም ፍላቴ መጣና «ይራመድ! እኔ ጠላሁ? እስኪራመድ ግን ይሽና!» አልኳቸው። አማቴን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸውም ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም፤ በድመቷ በኩል ነበር የሚነግሩኝ። «ጨው አልቋል በያት» ይሏታል።

ግንበኛውን ጋሽ ነገን አትረሳቸውም። ሥራ የያዙለትን ሰው ሁሉ «ነገ እመጣለሁ» እያሉ ያን ስም ያተረፉት ሰውዬ ናቸው። ነገሩን ነግሬያቸው በማግስቱ ጠዋት መዶሻቸውን ይዘው ከች አሉ፤ ሰፈሩ ጉድ አለ። ግቢውን ዞረው አዩና «የዊልቸሩን መውረጃ ቁልቁል ካደረግነው ልጁን ይዞት ይበራል። እየተለሳለሰ በግንቡ ጥግ ዞሮ መውረድ አለበት» አሉ። በግንቡ ጥግ ማለት በእናትህ የአትክልት መደብ ላይ ማለት ነው።

እናትህ ይህን ሲሰሙ ወጥተው ደረጃው መሀል ቁጭ። «መጀመሪያ ደረጃዬን፣ ቀጥሎ መደቤን። በሉ እኔንም ጨምራችሁ ቅበሩኝ! ምቱ!»

ጋሽ ነገ መዶሻውን አስቀመጡ። «እኔ በሰው እናት ላይ መዶሻ አላነሳም» አሉና ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እንግዲህ ... ነገ እመጣለሁ።»

ሁሉ ነገር ያበቃ መሰለኝ። ያኔ ነው ልጅህ ከበሩ ደፍ ላይ፣ ከወንበሩ ሆኖ «እማማ» ያለው።

«ወዬ የኔ ጌታ።»

«በሲሚንቶ ላይ መራመድ አይቻልም እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«እግሬ ሲድን ማለቴ ነው። ያኔ በሲሚንቶው ላይ እራመዳለሁ፤ አሁን ደግሞ በጎማ እሄዳለሁ። ለሁለቱም ይሆናል እኮ።»

እናትህ አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉና «ኤዲያ!» ብለው ተነሱ። እጄን ብዘረጋላቸው አልያዙልኝም። በራሳቸው ወጥተው ጓዳ ገቡ።

የመጀመሪያውን ድንጋይ እኔ መታሁት። አባትህ ነፍሳቸውን ይማረው፣ ሥራ ያውቁ ነበር፤ አልፈርስ ብሎ አደከመን። ድንጋዮቹን አልጣልናቸውም። ጋሽ ነገ አንድ በአንድ ከተዳፋቱ ሥር ሞልተዋቸዋል፤ የአያቱ ድንጋይ አሁንም ልጅህን ተሸክሞታል። ቦዩ ላይ ወፍራም ክዳን ጣሉበት። ሲሚንቶውን ሊሾ አደርገዋለሁ ብለው ነበር፤ ልጅህ «ሲዘንብ ያንሸራትተኝ የለ?» ሲላቸው፣ ሳይደርቅ በጭራሮ መጥረጊያ ጫር ጫር አደረጉት። ከዚያ ወዲያ አለቃ ስሙን አስመሰከረ። «ጋሽ ነገ፣ እዚህ ጋ ጎድጉዷል።» «ጋሽ ነገ፣ ጎማዬ አላለፈም።» «እኔ ላይ አለቃ የሆነ ሰው ቢኖር ይሄ ልጅ ነው» እያሉ ያስተካክላሉ። መደገፊያው ብረት ግን በሽቦ እንደታሰረ ነው። በያጅ ላምጣ ቢሉ ልጅህ «አይሆንም፣ እሱ የአባዬ ሥራ ነው» ብሎ ከለከላቸው።

ሲሚንቶ ካልጠጣ ይሰነጠቃል አይደል? እኔ ቀኑን ሥራ ነኝ። ማታ ስገባ ግን ዳር እስከ ዳር እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ።

«ማን አጠጣው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዘንቦ ነው» አሉ እናትህ፣ በቀጥታ ለእኔ።

በዚያ ቀን ጠብ አላለም። ባልዲው በራቸው ሥር ተደፍቷል፤ የቀሚሳቸው ጫፍ ረጥቧል። በዚያ ጉልበት ስንቴ እንደተመላለሱ ፈጣሪ ይወቀው። እኔም «አዎ፣ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ ብቻውን የወረደ ቀን ሁላችንም ቆመን እናያለን። ጋሽ ነገም አሉ። ቀስ እያለ፣ ጎማውን በመዳፉ ያዝ ለቀቅ እያደረገ በግንቡ ጥግ ዞረ፣ ቦዩን አለፈ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ዘወር ብሎ አየንና «ምን ታያላችሁ?» ብሎ በሩን ዘጋብን። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ የተዘጋ በር እያየን ቆምን። እናትህ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቁ ያልቅሱ አላወቅኩም። ሲመለስ በላብ ተጠምቋል። ውሃ ጠየቀኝ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ጭልጥ አድርጎ ሁለተኛ ጠየቀኝ።

ደብዳቤውን እዚህ ጋ ባቆመው ደስ ባለኝ።

ለክትትል ሆስፒታል ወስጄው ነበር። ምርመራ አደረጉለት፣ ደም ቀዱ፣ እንደገና ቀዱ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሲናገር ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሳም። አንደኛው ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል። ሁለተኛውም ያንኑ መንገድ ይዟል። ሕመሙ ራሱ ፊኛውን ጎድቶት ኖሯል፤ በዚያ ላይ ሽንቱን መያዙ፣ በዚያ ላይ ጥሙ፣ በዚያ ላይ ኢንፌክሽኑ። «ትንሽ ቀደም ቢል ኖሮ ...» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ጨርስልኝ አላልኩትም። ከዚያ በኋላ የነገረኝን እዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። እኔ ቆሜ ነው የሰማሁት፤ አንተም ቆመህ ከእኔ አፍ ትሰማዋለህ።

አሁን ጠዋት ሲነሳ ፊቱና እጁ ያባብጣል። ከአልጋው ወደ ወንበሩ ሲሸጋገር መሀል ላይ ያርፋል። ምግብ ይሸተዋል። ትናንት የሮጠበትን መንገድ ዛሬ ሁለት ቦታ ቆሞ ነው የሚጨርሰው፤ ግን ማንም እንዲገፋው አይፈቅድም። ውሃ ደግሞ ዶክተሩ በልክ ይሁን ብሏል፤ ሰውነቱ ማስወጣት አቅቶታልና። ብርጭቆውን ከእጁ የምቀማው እኔ ነኝ። ባለፈው ምን አለኝ?

«አሁን እኮ ብቻዬን መሄድ እችላለሁ፣ እማዬ። ለምን ትከለክይኛለሽ?»

ምን ብዬ ልመልስለት? እስቲ አንተ አባቱ ንገረኝ።

ለእናትህ አልነገርኳቸውም። ግን ሰው ሳይነግራቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ጫማውን መወልወል ትተዋል፤ አቧራ ለብሶ አየሁት። ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግሮቹን ብቻ ያሻሻሉ፤ ድሮ «ነቃ በል» እያሉ ነበር፣ አሁን ዝም ብለው ነው።

ስለ ኦፕሬሽኑ ልንገርህ። የእግር ኦፕሬሽን የለም። አንተም እኔም አብረን ተቀምጠን ነው የሰማነው፤ አንተ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብህ ይዘኸው ሄድክ። አልፈርድብህም፤ ሰው የሚይዘው ካጣ ጉም ይጨብጣል። አሁን ግን እግሩን እርሳው። እግሩ አይደለም የሚያስፈልገው። ይዘኸው የምትመጣው ነገር እስኪሞላልህ አትጠብቅ። ባዶ እጅህን ና።

ልጅህ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ልጽፍ አልጽፍ እያልኩ እዚህ ደረስኩ። «አባዬ የሄደው ወንበሩን ስለጠላው ነው?» አለኝ። «ሥራ ስላለው ነው» አልኩት። «ሲመጣ አልጋ ሥር እደብቀዋለሁ በይው» አለኝ።

ደወሉ ተደወለ፤ ሴቶቹ እየገቡ ነው፣ ማሽኖቹ ሊነሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጋሽ ነገ የውጪውን በር መቀርቀሪያ ነቅለው በልጅህ እጅ ልክ ዝቅ አድርገው ገጥመውታል። አሁን የግቢያችን በረኛ እሱ ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ማንንም አያስነሳም፤ ድካሙን ዋጥ አድርጎ፣ እያረፈ፣ ራሱ ሄዶ ይከፍታል። ሰሞኑን ነፋስ በርትቷል፤ የበሩን ቆርቆሮ በመታ ቁጥር ልጁ ይሄዳል። ይከፍታል፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ያያል፣ ይዘጋል። ሲመለስ «ነፋስ ነው» ይለናል። ማን መስሎት እንደነበር እሱም አይናገርም፣ እኛም አንጠይቀውም። እባክህ፣ ልጄ ሄዶ በር መክፈት ሳያቅተው ድረስለት።

ዓይንህን ከብልጭታው ይጠብቅልህ። የምትሳፈርበትን መኪና ፈጣሪ ያፍጥንልህ፣ መንገዱን ያሳጥርልህ። እናትህ በጉልበታቸው ልክ ሳይሆን በልባቸው ልክ መርቀውሃል።

የልጅህ እናት